በቤተሰብ ጉልበት ወይን ተክሎ የወይን ጠጅ መጣል፦ ከመቀስ እስከ ጠርሙስ

ባቱ (ዝዋይ) ላይ ወይን ይበቅላል ሲባል የሚገረም ሰው ዛሬም አይጠፋም። የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል እዚያ ከ100 ሄክታር በላይ ተክሎ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞና ሻርዶኔ ያመርታል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» ብሎ ይሸጣል። ከሱ በፊትም የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ «ጉደር» እና «አክሱሚት» ከሠርግ ጠረጴዛ አይጠፉም ነበር። መሬቱ እንደሚያበቅል እንግዲህ ታውቋል። የቀረው አንድ ቤተሰብ በትንሽ ቦታ፣ ያለ ፋብሪካ ዕቃ፣ የሚጠጣ ነገር እንዴት ያውጣ የሚለው ነው።

ይቻላል። ግን የፈረንጅ መመሪያ እንዳለ ገልብጣችሁ አትከተሉ። እነሱ ጋ ብርዱ ቅጠሉን ያረግፍና ተክሉን ያስተኛዋል፤ ሲሞቅ ራሱ ይነቃል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ተክሉን የሚያስጀምረው መቀስ ነው። የገረዛችሁ ዕለት ዓመቱ ይጀምራል፤ ከዚያ ቀን ተቆጥሮ ፍሬው መቼ እንደሚደርስ ይታወቃል። ፍሬው በዝናብ ከደረሰ ይበሰብሳል፣ በበጋ ከደረሰ ይጣፍጣል። የሌላው ሥራ ሁሉ ውጤት እዚህች ቀን ላይ ይንጠለጠላል ብል ማጋነን አይሆንም።

ለጀማሪ 40 እግር ይበቃል። ደህና ሲይዝ በዓመት 100 ኪሎ ፍሬ ይሰጣል። ከዚያ ከ60 እስከ 65 ሊትር፣ ማለትም ከ80 እስከ 86 ጠርሙስ የወይን ጠጅ ይወጣል። ከዚህ በላይ መጀመር የሚያጓጓ ቢሆንም ቅዳሜና እሁድን ሙሉ ይበላል።

ቦታና አፈር

ወይን በጣም ለም መሬት አይፈልግም። ሲመቸው ቅጠል ብቻ ይሆናል። ሥሩ ውሃ ውስጥ መቆሙን ግን አይችልም። ስለዚህ ክረምት ላይ ውሃ የሚያቁር መረሬ አፈር ይቅርባችሁ። አሸዋ የቀላቀለው የስምጥ ሸለቆ አፈር ይመረጣል። ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሙሉበት፤ በማግስቱ ውሃው እዚያው ካደረ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ባቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ነው፣ ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ይጠጋል። በዚህ ከፍታ ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ፍሬው ስኳር ሲያስገባ ኮምጣጣነቱንም ጨርሶ አያጣም። አዲስ አበባ ጓሮ ውስጥም ወይን ይበቅላል፣ ጥላውም ያምራል። ለጠጅ የሚሆን ስኳር ማስገባቱን ግን እጠራጠራለሁ።

አጥር ሳታጥሩ አትትከሉ። ፍየል የወይን ቅጠል ካገኘች ሌላ ነገር አታይም። ካስቴል እንኳ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት እርሻውን ዙሪያውን ቦይ አስቆፍሮለታል።

ችግኝ

የሚበላ ወይንና ለጠጅ የሚሆን ወይን ይለያያሉ። የሚበላው ፍሬው ትልልቅ፣ ልጣጩ ስስ፣ ጭማቂው ውሃ ውሃ የሚል ነው። የጠጁ ፍሬ ትንሽ ነው፣ ልጣጩ ወፍራም ነው፤ የቀይ ወይን ቀለምና ጣዕምም ከልጣጩ ነው የሚመጣው። የሚበላውን ወስዳችሁ ጠጅ ብትጥሉ ይወጣላችኋል፣ ግን ሳሳ ያለ ይሆናል። ለጀማሪ ቤተሰብ ሲራን እመክራለሁ፤ ሙቀት አያስደነግጠውም።

ዝርያው በትክክል የታወቀ ችግኝ ፈልጉ። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በወይን ዝርያዎች ላይ የሠራ ስለሆነ እዚያ መጠየቅ አይጎዳም። ጣሊያን ወይም አሜሪካ ያለ ዘመድ ቅርንጫፍ በሻንጣ ይዞ ልምጣ ካላችሁ ግን አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ያለ ኳራንቲን የገባ ቁራጭ በሽታና ተባይ ይዞ ይመጣል፤ ጣጣው ለጎረቤትም ይተርፋል።

ጤነኛ ተክል ካገኛችሁ በቁራጭ ማባዛት ቀላል ነው። በቅርብ ከተገረዘ፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ካለው ቅርንጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ሦስት ወይም አራት ዓይን (ቀንበጥ የሚወጣበት እብጠት) ይኑረው። ሁለቱን ዓይን አፈር ውስጥ፣ የቀረውን ከላይ አድርጋችሁ በፕላስቲክ ከረጢት ትከሉ። ላይና ታቹ እንዳይገለበጥባችሁ የታችኛውን ቀጥ፣ የላይኛውን ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ጥሩ ልማድ ነው። ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ አፈሩ አይድረቅ፣ አይጨቅይም።

መትከልና ማሳደግ

በመስመሮች መካከል 2 ሜትር ተኩል፣ በእግር በእግሩ መካከል 1 ሜትር ከሩብ ተዉ። ሃያ እግር የ25 ሜትር መስመር ይሆናል። ተከላው ሐምሌ ላይ ይሁን፤ ዝናቡ ያግዛችኋል። የባሕር ዛፍ ምሰሶ በየ5 ሜትሩ አቁሙ፤ ጫፍና ጫፍ ያሉት ወፍራም ይሁኑ፣ በደንብ ይወጠሩ። የመጀመሪያው ሽቦ ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ይዘርጋ። ከሱ በላይ በየ35 ሳንቲ ሜትሩ ሁለት ሽቦ ጨምሩ።

በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ጠንካራ ቀንበጥ ብቻ አስቀሩና ቀጥ አድርጋችሁ በእንጨት እየደገፋችሁ ወደ ላይ ውሰዱት። ሽቦው ጋ ሲደርስ ጫፉን ቁረጡ። ከተቆረጠው ጫፍ በታች ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣሉ፤ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ በሽቦው ላይ አስተኟቸው። እነዚህ ክንዶቹ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ፍሬ የሚይዘው በእነሱ ላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚወጣውን ዘለላ ሁሉ ቁረጡና ጣሉ። እዚህ ላይ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ መነሳቱ አይቀርም፣ በተለይ ልጆች ካሉ። አንድ ዘለላ ለዓይን ተዉላቸው፣ የቀረው ይቆረጥ። ሥር ሳይሰድ ፍሬ የተሸከመ ተክል ተጎሳቁሎ ይቀራል። ለጠጅ የሚሆን ምርት የሚጠበቀው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው።

መግረዝ

ከሁሉም ሥራ ጊዜ ሰጥታችሁ ልትማሩት የሚገባው ይህ ነው።

ከመግረዝ እስከ ለቀማ እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከ120 እስከ 150 ቀን ይወስዳል። በስምጥ ሸለቆ ትልቁ ዝናብ መስከረም ላይ ይሳሳል፣ የበልጉ ደግሞ የካቲትና መጋቢት ላይ ይመጣል። መካከሉ ደረቅ ነው። እንግዲህ ለመስቀል፣ መስከረም 17 ገደማ፣ ብትገርዙ ፍሬው ከጥር 17 እስከ የካቲት 17 ባለው ጊዜ ይደርሳል። ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ወይም ሲገባ ማለት ነው። ዝናቡ መስከረም መጨረሻ ላይም ካላቆመ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ከጥቅምት አጋማሽ በላይ ግን አትግፉት፤ በወዲያኛው ጫፍ በልጉ ይደርስባችኋል።

አገራረዙ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ክንድ ላይ አምና የወጡ ቅርንጫፎች ቆመው ታገኛላችሁ። አንድ ጭብጥ ተኩል ያህል እየተራራቁ ከነሱ አምስቱን ምረጡ። የቀሩትን ከሥራቸው አስወግዱ። የመረጣችኋቸውን እያንዳንዳቸውን በሁለት ዓይን አሳጥሩ። በአንድ ተክል ላይ አሥር አጭር ቅርንጫፍ፣ ሃያ ዓይን ይቀራል። ሲያዩት ተክሉን የገደላችሁት ይመስላል። እስከ ዘጠና በመቶ የሚደርስ እንጨት ነው የሚወገደው፤ አትሳሱ። ብዙ ዓይን የተወ ሰው ብዙ ዘለላ ይለቅማል፣ ግን ስኳሩ አይገባም።

የብርድ እንቅልፍ ያላገኘ ተክል ዓይኖቹ እኩል አይፈነዱም፤ አንዱ ሲያብብ ሌላው ገና ይሆናል። ለዚህ ከመግረዛችሁ ሁለት ሳምንት በፊት የቀረውን ቅጠል በእጅ አርግፉት፣ መስኖም አትስጡት። ትልልቅ እርሻዎች ዓይን የሚያስነሳ ኬሚካል ይረጫሉ። ሃይድሮጅን ሳያናማይድ ይባላል። ቤት ውስጥ አታስገቡት። መርዛማ ነው፤ የነካው ሰው በዚያው ሰሞን አልኮል ከጠጣ ደግሞ ይብሳል።

ከለቀማ በኋላስ? ተክሉ ዝም አይልም፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። አንድ ወር ያህል ውሃ ቀንሱለትና ያርፍ፤ ከዚያ መጋቢት መጨረሻ ላይ ቀለል አድርጋችሁ ከርክሙት። ከዚያ የሚወጣውን የአበባ ዘለላ በሙሉ ቁረጡ። በክረምት የሚበስል ፍሬ ለሻጋታ ነው የሚሆነው። ያ ጊዜ ለመስከረም የሚገረዘውን ቅርንጫፍ የሚያሳድግበት ነው። በዓመት ሁለቴ እለቅማለሁ የሚል ይኖራል፣ ይቻላልም። እኔ ግን አንድ ጥሩ ምርት ይሻለኛል።

መቀሱ ስለት ይኑረው፣ ከተክል ወደ ተክል ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉት።

እስከ ለቀማ ድረስ

መስኖው በጠብታ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቅጠል አያረጥብም። ከአበባ በፊትና ፍሬው በቆሎ እስኪያህል ድረስ በደንብ አጠጡ። ፍሬው መቅላት ከጀመረ ቀንሱ።

ዋናው ጠላት ሻጋታ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ቅጠሉና ፍሬው ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል፤ ደረቅ አየርም አያግደውም። ሰልፈር ይመልሰዋል፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ግን አትርጩ፣ ቅጠል ያቃጥላል። ሁለተኛው ከቅጠሉ ላይ ዘይት የነካው የሚመስል ቢጫ ነጥብ፣ ከሥሩ ነጭ ፀጉር ያወጣል። እርጥበት ይወዳል። ለሱ የመዳብ ሰልፌትና ኖራ ድብልቅ የሆነው የቦርዶ ውህድ ከ100 ዓመት በላይ ሲያገለግል ኖሯል። ከለቀማ አምስት ሳምንት ሲቀር ሰልፈሩን አቁሙ። ፍሬው ላይ ከቀረ ጠጁ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በዘለላው ዙሪያ ያለውን ቅጠል ትንሽ አሳሱ፣ አየር ይግባ። የከሰዓቷ ፀሐይ በምትመታበት በኩል ግን ተዉት፤ ፍሬው ይቃጠላል።

ፍሬው ሲቀላ ወፍ ይመጣል። መረብ ግዙ። ልጆች በወንጭፍ ይጠብቁት ማለት ለሁለት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ ወፉም ልጆቹም ይላመዳሉ።

መቼ ይለቀም

ቀለሙ አያታላችሁ። ወይን ከመብሰሉ ሳምንታት ቀድሞ ይጠቁራል። ሪፍራክቶሜትር የምትባለውን ትንሽ መሣሪያ ግዙ። ከተለያዩ ተክሎች አንዳንድ ፍሬ ሰብስባችሁ ጨምቁና ጠብታውን አኑሩባት፤ ስኳሩን በብሪክስ (በ100 ግራም ጭማቂ ውስጥ ስንት ግራም ስኳር እንዳለ) ትነግራችኋለች። ለቀይ ከ23 እስከ 25 ብሪክስ ይፈለጋል። ብሪክሱን በ0.55 ስታባዙት የሚወጣው አልኮል ይታወቃል፤ 24 ብሪክስ ወደ 13 በመቶ ይሰጣል። ቅመሱትም። ፍሬውን ስትነክሱት ውስጡ ያለው ዘር ቡናማ ከሆነና ሲያኝኩት ቀጭ ካለ ደርሷል። አረንጓዴና መራራ ከሆነ ይጠብቅ።

የምትለቅሙት በማለዳ ይሁን፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ለ100 ኪሎ አምስት ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅበትም፤ ጎረቤትና ዘመድ ጠርታችሁ ደቦ አድርጉት፣ ቁርስ ቀርቦላቸው ይሂዱ። የሻገተ ዘለላ ቅርጫት ውስጥ አይግባ። በዚያው ቀን ጣሉት፤ አያድርም።

መጣል

ቤት ውስጥ የማር ጠጅ የሚጥሉ እናት ወይም አክስት ካሉ ይህን ክፍል ለእሳቸው ስጡ። የጥንስስ ጠባይ ያውቃሉ። ሁለት ነገር ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጌሾ አይገባም። የታጠነ ጋንም አይሆንም፤ የወይራው ጭስ ጠላን ያሳምረዋል፣ ወይን ውስጥ ሲገባ ግን ሌላው ጣዕም ሁሉ ይጠፋል። የምግብ ደረጃ ያለው ፕላስቲክ በርሜል ወይም የማይዝግ ብረት ተጠቀሙ። ጥሬ ብረትና መዳብ ድርሽ አይበሉ።

ለ100 ኪሎ ፍሬ 150 ሊትር የሚይዝ በርሜል ያስፈልጋል፤ ሲፈላ ስለሚነሳ ሲሶው ባዶ ይሁን። ዕቃውን ሁሉ በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ አለቅልቁ። ፍሬውን ከዘለላው እንጨት በእጅ ወይም ቀዳዳ ባለው ሳጥን ላይ እያሻችሁ አላቁት። ከዚያ በታጠበ እግር ወይም በእጅ ርገጡት። ልጣጩ ይፈንዳ እንጂ ዘሩ አይሰበር፤ ዘር ከተፈጨ ይመርራል።

5 ግራም ፖታሺየም ሜታባይሰልፋይት በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩ። በሚዛን ይሁን፣ በማንኪያ ግምት አይሆንም። ይህ የማይፈለገውን ተሐዋስያን ያዳክማል። በርሜሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አሳድሩት። አስም ያለበት ሰው ዱቄቱን አያሽትት።

በማግስቱ የወይን ጠጅ እርሾ 25 ግራም፣ ለብ ባለ ውሃ (ከ35 እስከ 40 ዲግሪ) 20 ደቂቃ ነክራችሁ ጨምሩ። የዳቦ እርሾ ገብቶ ይፈላል፣ ግን አልኮሉ ከፍ ሲል ደክሞ ስኳር ያስቀራል። ፍሬው ላይ ባለው እርሾ ብቻ መጣልም ይቻላል፤ ሲሳካ ግሩም ነው፣ ሳይሳካ ኮምጣጤ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክርም።

በአንድ ሁለት ቀን ይፈላል። ልጣጩ ወደ ላይ ተገፍቶ ወፍራም ክዳን ይሠራል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ፣ በንጹሕ እንጨት ወደ ታች ድፈቁት። ይህን ያልሠራ ቀለም አያገኝም፣ ላዩም ደርቆ ይኮመጥጣል። ለቤተሰብ ተራ ማውጣት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። ከ32 ካለፈ እርሾው ይደክማል፤ ውሃ አቀዝቅዛችሁ በላስቲክ ጠርሙስ በርሜሉ ውስጥ ንከሩለት።

አደራ፦ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፣ አይሸትም። በተዘጋ ክፍል ወይም ጉድጓድ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። በርና መስኮት ክፍት ይሁን፣ እዚያ ክፍል ማንም አይተኛ።

ከስድስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይረጋጋል። ስኳሩ ማለቁን በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ ጥግግት መለኪያ) ለኩ፤ 0.995 ወይም ከዚያ በታች ሲያሳይ አልቋል። ሪፍራክቶሜትሯን እዚህ አትጠቀሙ፤ አልኮል ሲገባ ትሳሳታለች። ከዚያ ፈሳሹን መጀመሪያ ቅዱ፣ ልጣጩን በወንፊት ጨርቅ ወይም በመጭመቂያ ጨምቁ። ለስለስ አድርጉት። መጨረሻ ላይ የሚወጣው መራራ ስለሆነ ለብቻው ያዙት።

ነጭ ወይን ለምን አልተነሳም የሚል ካለ፦ ነጭ ከመፍላቱ በፊት ይጨመቃል፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይፈላል። ማቀዝቀዣ ከሌለ ባቱ ላይ ይከብዳል። በቀይ ጀምሩ።

ማቆየትና ማሸግ

ከዚህ በኋላ ጠላቱ አየር ነው። ጠጁን በደምጃና (ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ) ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ እስከ አንገቱ ሙሉት፤ ጋዝ የሚያስወጣ አየር የማያስገባ ክዳን ግጠሙለት። ከሌለ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ከክዳኑ አውጥታችሁ ጫፉን ውሃ ውስጥ ንከሩት። ጎደሎ ዕቃ አታስቀምጡ። ትልቁ ካልሞላ ወደ ትናንሽ ከፋፍሉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በቱቦ ወደ ሌላ ዕቃ አሳልፉት፣ ከሥር የተኛው አተላ ይቅር። አንድ ሁለት ወር ቀስ እያለ አረፋ ያወጣል፤ ኮምጣጣነቱ የሚለዝበው በዚህ ጊዜ ስለሆነ አትቸኩሉ። ጸጥ ሲል እንደገና አሳልፉትና በ100 ሊትር 5 ግራም ሂሳብ ሜታባይሰልፋይት ጨምሩ። ከዚያ በየሦስት ወሩ ማሳለፍና መሙላት ብቻ ነው። ጨለማና ቀዝቃዛ ክፍል ይፈልጋል፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያለው ጎጆ ከቆርቆሮ ቤት በብዙ ይሻላል።

ሕዳር ላይ ጠርሙሶቹን አዘጋጁ። ለቀጣዩ ምርት ዕቃው ነጻ መሆን አለበት። ያገለገለ ጠርሙስ ይሆናል፣ በደንብ ታጥቦ ከደረቀ። ቡሽ ግን አዲስ ይሁን፤ ቡሽ መምቻ ማሽን ከሌላችሁ ተጠምዞ የሚዘጋ ጠርሙስ ተጠቀሙ። ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ይተኛ። ሞቃት አካባቢ ያለ የቤት ጠጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ቢጠጣ ይሻለዋል።

ለመሸጥ ካሰባችሁ ነገሩ ሌላ ነው፤ ፈቃድ፣ የጥራት ምርመራና ኤክሳይዝ ታክስ አለበት። ያለዚያ ለቤትና ለእንግዳ ብቻ ይሁን።

የሚበላሽበት ጊዜም አለ። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ቶሎ በአየር ላይ እያንጠፈጠፋችሁ ወደ ሌላ ዕቃ አሳልፉት፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ከላዩ ስስ ነጭ ሽፋን ከታየ ዕቃው ጎድሏል ማለት ነው፤ ሽፋኑን አስወግዳችሁ ሙሉት። ከኮመጠጠ ግን አይመለስም። ለሰላጣ ጥሩ ኮምጣጤ ይሆናል፣ አትድፉት። ያን ኮምጣጤ የያዘ ዕቃና ቱቦ ግን ለየብቻው ይቀመጥ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ጠጅ አይመለስ።